በስፖኪዮ የታየ መንገድ

መጋዙን ይዛ የመጣችው የገዛ ልጃቸው ናት።

በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ከላዩ የዳቦ ቤት ፌስታል አልብሳ፣ ልክ እንደ ዳቦ በብብቷ ሸጉጣው ነበር። መጋዝ ግን ዳቦ አይደለምና ጥርሱ ጋዜጣውንም ፌስታሉንም በልቶ ብቅ ብሏል። ጋሽ ተሳቢ በሩን ከፍተው ልጃቸውን ከመሳማቸው በፊት ጥርሱን አዩት። አይተውም እንዳላዩ ሆኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሹፌር ነበሩ፤ ከፊት የሚመጣውን አይቶ ፊትን አለመለወጥ የሥራው ግማሽ ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ሻይ ጥጃለሁ» አሉ።

ልጅቷ ገባች። ከኋላዋ ባሏ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ባዶ ካርቶኖች እስከ ዓይኑ ድረስ ደርድሮ፣ ደፉን በእግሩ እየዳሰሰ ተከተላት። ባሏ ትራፊክ ፖሊስ ነው። አደባባይ ላይ ቆሞ በአንድ መዳፉ ከባድ መኪና ቀጥ የሚያደርግ ሰው፣ ሚስቱ ፊት ሲሆን እጁ የሚነሳው ዕቃ ለመሸከም ብቻ ነው። ጋሽ ተሳቢ ይወዱታል። ያም ሆኖ ከትራፊክ ሲሸሹ ኖረው ኖረው፣ በስተርጅና ትራፊክ አማች ሆኖ ሳሎናቸው ድረስ መግባቱ ብቻቸውን ሲሆኑ አሁንም ያስቃቸዋል።

«አባዬ፣ አለቀ?» አለች ልጃቸው ሳትቀመጥ።

«ምኑ?»

«ምኑ ይላል እንዴ! እሱ ነዋ!» በአገጯ ወደ ጓዳው ጠቆመች።

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ባለፈው ሳምንትም ትንሽ ነበር የቀረው።»

«ያኛው ትንሽ ሌላ ነው።»

ትራፊኩ ከካርቶኖቹ ጀርባ ሳቁን ዋጠ።

ጋሽ ተሳቢ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ባለተሳቢ የጭነት መኪና ይነዱ ስለነበር ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ መኪናው ለሌላ ሹፌር ተሰጠ፤ ስሙ ግን እሳቸው ጋ ቀረ። ጓዳው ውስጥ ያለው ደግሞ ሽመናቸው ነው። የግድግዳ ጌጥ ይሸምናሉ። አይሸጡትም፤ ማንም አላዘዛቸውም፤ ብቻ ደስ ስለሚላቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በሥራ ላይ ሳሉ ነበር። ድንበር ላይ ወረቀት እስኪያልቅ ቀናት የሚፈጀውን ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላው ሹፌር ካርታ ይጫወታል፣ ይተኛል፣ ይሳደባል። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ግን የፍራፍሬ ሣጥን ገልብጦ፣ ግራና ቀኙ ላይ ምስማር ደርድሮ፣ ክር ወጥሮ ሲሸምን አዩት። ከላይ ወደ ታች የተወጠረው ድር፣ በመሃሉ እየተሹለከለከ የሚያልፈው ማግ መሆኑን ከዚያ ሰውዬ ተማሩ። ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው። «ብርድ ልብሱ ለማን ነው? ለጎማው?» ይሏቸው ነበር።  እሳቸው ግን ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሣጥኑን ጋቢናው ውስጥ አስቀምጠው፣ ሲቆም መልሰው እያወጡ ቀጠሉ። የሚስቅ ሰው ሲደክመው ያቆማል፤ ሸማኔ ግን አይደክመውም።

ጡረታ ሲወጡ ሣጥኑ ጠበባቸው። ጎረቤታቸውን አናጢውን ጠርተው ትልቅ ፍሬም እንዲሠራላቸው ነገሩት። አናጢው እንጨቱን አንድ በአንድ ወደ ጓዳው አስገባ፣ ለካ፣ ቆረጠ፣ መታ። አልጋው ወደ ሳሎን ወጣ። ፍሬሙ ቆሞ ሲያዩት ያምር ነበር። ቫርኒሽ ለመቀባት ወደ ግቢ እናውጣው ሲባል ግን በበሩ አላልፍ አለ። በቁመቱ ሞከሩት፣ በጎኑ ሞከሩት፣ አጋደሙት። አላለፈም። አናጢው ላቡን ጠርጎ በሩን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «እኔ የሠራሁት ልክ ነው፤ የጠበበው በሩ ነው» አለ። እስከ ዛሬም ከዚህ ቃሉ ፍንክች አላለም።

ፍሬሙም እዚያው ቀረ። እንዳይነቃነቅ እግሩን ከወለሉ ጋር በቡሎን አሰሩት። በእሱና በግድግዳው መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ነው ያለው። ጋሽ ተሳቢ የሚሸምኑት ከኋላ በኩል ነው፤ የክሩን ጫፍ ሁሉ ወደ ራሳቸው እየጎተቱ ይቋጥራሉ። ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይኖራል። ስለዚህ ወደ ጓዳው የገባ ሰው የሚያየው የተንጠለጠለ የክር ጫፍ ብቻ ነው፤ ዝናብ የመታው በግ ይመስላል። ፊቱን ለማየት ሲፈልጉ ከድሮ መኪናቸው ተሰንጥቆ የተጣለ ስፖኪዮ አላቸው፤ ዱላ ጫፍ ላይ አስረው በክፍተቱ ውስጥ ያስገቡትና ቁራጭ በቁራጭ ያያሉ።

እስካሁን የሠሩት ሁሉ መስመርና አራት ማዕዘን ነበር። ይሄኛው ግን ሥዕል ነው። የመጀመሪያው ሥዕላቸው ነው። ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም።

ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ወደቁ። የውጭው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። አናጢው ጠዋት ሲጣራ መልስ ቢያጣ መስኮት ሰብሮ ገባ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው ግን እንዳለቀ ጎማ ጠቁሮ ከረመ። ልጃቸው ነርስ ናት። ወድቀው የሚመጡ ሽማግሌዎችን በየቀኑ ታያለች፣ ከእነሱ ውስጥ ማን በእግሩ እንደሚመለስ ማን እንደማይመለስም ታውቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ሆነ ያላት፦ «እኛ ጋ ነው የምትኖረው።»

ክፍል አዘጋጀችላቸው። ክፍሉን ሄደው አዩት። ንጹህ ነው። ግድግዳው ግን ኮንክሪት ነው፤ ምስማር አይበላም። ወለሉ ላይ አልጋና ቁም ሣጥን ከገቡ በኋላ የቀረው ቦታ ጫማ ለማውለቅ ነው።

«ፍሬሙስ?» አሉ ያኔ።

«በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ይገዛልሃል፣ አባዬ።»

«ተሳቢ የነዳሁትን ሰውዬ ብስክሌት ልታስነጂኝ?»

«ብስክሌት ቢያንስ በበር ይገባል።»

 ጋሽ ተሳቢም «አሁን ፍሬሙ ላይ ያለው ሳይወርድ ወሬ የለም» አሉ። ልጃቸው ይህንን እንደ እሺታ ቆጠረችው። እሳቸውም አላረሟትም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእሳቸው ነው፤ ፊት ለፊት አልሄድም ማለት ከብዷቸው ጥግ ይዘው ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ልጅቷ አዲስ አመል አመጣች። ስልክ ስትደውል በጨዋታ መሃል፣ «አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ትላለች። «ለምን፣ ስልክሽ ላይ ጠፋ?» ይሏታል። ሳቅ ይሰማል፤ ሳቁ ውስጥ ግን ነርሷ አለች። ጭንቅላታቸው እንደ ዳሌያቸው እንዳይሆን ፈርታለች። ይገባቸዋል። ሲገባቸው ደግሞ ይበልጥ ያበሽቃቸዋል።

ዛሬ እንግዲህ ካርቶንና መጋዝ መጣ።

«መጋዙ ለምንድን ነው?» አሉ ሻይ እየቀዱ። ከአሁን በኋላ አለማየት አይቻልም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

«አናጢው እንዲፈታው ስልክ ደውዬለት ነበር። መጋዜን ሰው ተውሶኛል አለኝ። ስለዚህ ገዛሁ።»

በሩ ተንኳኳና አናጢው ገባ። ባዶ እጁን ነው። ጆሮው ላይ የምትኖር እርሳስ እንኳ የለችም።

«ጤና ይስጥልኝ! ጋሼ፣ እንዴት አደርክ? የኔ እመቤት፣ ደህና ነሽ?» መጋዙን አየና ፊቱ ጠቆረ። «አይ፣ ይሄማ ለብረት ነው መሰለኝ።»

«ለእንጨት ነው ብሎኛል ባለሱቁ።»

«ባለሱቅ ምን ያውቃል!»

«ቅርንጫፍ ሁሉ ይቆርጣል ብሎኛል።»

«እንግዲያው ለቅርንጫፍ ነው። ፍሬም ቅርንጫፍ አይደለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሠራኸውን አንተው ፍታው እንጂ ምን ታዞረኛለህ?» አለች ልጅቷ፣ ግማሽ በሳቅ ግማሽ በንዴት።

ጋሽ ተሳቢ ተነሡ። «መጀመሪያ ልጨርሰው» አሉ። ክርክሩን ጥለው ወደ ጓዳው ገቡ።

ሁሉም ተከተሏቸው። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። የቀረችው አናት ላይ ያለች የሰማይ ቁራጭ ናት። ግራጫውን ክር በድሩ መካከል እያሹለከለኩ አሳልፈው፣ በሹካ ወደ ታች ጠቅ ጠቅ አደረጉት። የወጥ ቤት ሹካ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኙለትም። ጣቶቻቸው ወፍራም ናቸው፤ መሪ ሲጨብጡ የኖሩ ጣቶች። ክሩ ላይ ሲሆኑ ግን እንዴት እንደሚቀልላቸው ልጃቸው አየች። 

አለቀ። መቀሱን አነሡ።

ድር የሚቆረጠው አንዴ ነው። ከተቆረጠ ተመልሶ አይወጠርም። ጋሽ ተሳቢ እየቆረጡ፣ ጥንድ ጥንዱን እየቋጠሩ፣ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። የመጨረሻው ክር ሲበጠስ ጨርቁ እንደ ደከመ ሰው ክንዳቸው ላይ ተኛ። ከበደ። ፊቱን ሳያዩ ለትራፊኩና ለአናጢው አቀበሏቸው።

«ሳሎን ውሰዱትና ከበሩ ትይዩ ያዙልኝ። ከፍ አድርጋችሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ከግድግዳው ጋር አስደገፉት። ፊቱ ወደ ክፍሉ ዞረ።



መንገድ ነው። ከሩቅ ኮረብታ ተነሥቶ እየሰፋ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ አስፋልት፤ መሃሉ ላይ የተቆራረጠ ነጭ መስመር፤ ዳርና ዳሩ ላይ ደረቅ ሣር። ሰማዩ ገና ሊነጋ ያለ ሰማይ ነው፤ ከታች ብርቱካንማ፣ ከላይ ግራጫ። መንገዱ ላይ ሰማያዊ የጭነት መኪና ፊት ለፊት ይመጣል። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ጭንቅላት ይታያል። አንዱ ትልቅ ነው፤ ቆብ አድርጓል፤ መሪ ይዟል። ሌላው ከዳሽቦርዱ በላይ ለጥቂት ብቅ ያለ፣ ቀይ የለበሰ ትንሽ ሰው ነው።

ልጅቷ ቀረበች። ቀዩን በጣቷ ነካችው።

«ይሄ ሹራቤ ነው።»

«ነው።»

«የትምህርት ቤቱ። ክርኑ ላይ ቀዳዳ የነበረው!»

«ቀዳዳውን አልሸመንኩትም።»

በአፏ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር እያደረገ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢናው ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ኮረብታ በመጣ ቁጥር «ማርሽ!» እያለች ትጮህ የነበረችው እሷ ናት። እንዳልረሳችው ከፊቷ ያስታውቃል።

ጋሽ ተሳቢ ግን ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ ነበር። ሥራቸውን ሙሉውን ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እያዩት ሳለ ቀኝ እግራቸው ሳያዙት ወለሉን ረገጠ። ፍሬን ነው የፈለገው። ለምን እንደፈለገ ለማወቅ ትንፋሽ ያህል ወሰደባቸው። ከዚያ ገባቸው።

መኪናው መስመሩን ስቷል። ቀኙን ይዞ መምጣት ሲገባው ግራውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሹፌሩም በሌላው ወንበር ላይ ነው።

ወደ ሌሎቹ አዩ። ልጃቸው ቀዩን ሹራብ እየነካች ነው። አናጢው ክንዱ ዝሎ ትንፋሹን ይዟል። ትራፊኩ ብቻ አንገቱን ዘመም አድርጎ አንድ የጠፋበት ነገር እንደሚፈልግ ሰው ያይ ነበር፤ «እኔ እንጃ፣ ግን በጣም ያምራል» ብሎ ተወው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማንም አላየም። ቢናገሩ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ፤ ልጅቷ ለወራት ስትፈልገው የነበረውን ማስረጃ በገዛ እጃቸው ማስረከብ ነው። የዕድሜ ልክ ሹፌር የሚነዳበትን ጎን ረሳ! ከዚህ በኋላ ቀኑ ስንት ነው ብሎ መጠየቅም አያስፈልግም።

ወደ ጓዳ ገብተው ስፖኪዮውን ከነዱላው ይዘው ወጡ። ጀርባቸውን ለጨርቁ ሰጥተው በትከሻቸው ላይ አሻግረው በመስታወቱ አዩት። መኪናው መስመሩን ይዟል። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ነው። ዞረው በዓይናቸው አዩት፤ ስቷል። በመስታወት አዩት፤ ይዟል። ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሣ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አባዬ!» አለች ልጃቸው ደንግጣ። «ምን ሆንክ? ተቀመጥ!»

«ኑ እዩ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «መኪናዬ በሰው መስመር ላይ ነው የሚሄደው!»

ትራፊኩ ጮኸ። «ይሄ ነው! ይሄን ነው ስፈልገው የነበረው!» በደስታ ጨርቁን ሊለቀው ነበር፤ አናጢው «ያዝ እንጂ ሰውዬ!» ባይለው ኖሮ።

ጋሽ ተሳቢ አስረዷቸው። ሥዕሉን ካርቶን ላይ ስለውት ነበር፤ ከድሩ ወዲያ፣ በግድግዳው በኩል አስደግፈው በእስክሪብቶ ክሮቹን ምልክት አደረጉባቸው፣ ካርቶኑንም አወጡት። ሲሸምኑ ልክ ይመስላል። ግን ሸማኔው ያለው ከኋላ ነው፤ ከኋላ ልክ የሆነ ከፊት ይገለበጣል። ያንን ያጋልጥ የነበረው ፊቱን ማየት ነው። እሳቸው ደግሞ ፊቱን ያዩት የነበረው በስፖኪዮ ነው፤ ስፖኪዮ የተገለበጠውን መልሶ ይገለብጠዋል። ታርጋውን ባዶ ባይተዉት ኖሮ ቁጥሩ ወዲያው ያስታውቅ ነበር። ቁጥር በክር መጻፍ ዓይን ይፈጃል ብለው ተዉት። መስመርና አራት ማዕዘን ሲሸምኑ ግራም ቀኝም አንድ ነው፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልታወቃቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላ የሚመጣውን የነገረኝ ስፖኪዮ ነው» አሉ። «አምኜው ኖርኩ። ዛሬ ጉድ ሠራኝ።»

አናጢው ሳቀ። ትራፊኩ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም። ድምፅዋ ዝግ ብሎ፣ ለስልሶ፣ የሆስፒታሉ ድምፅ ሆነ።

«አባዬ፣ በየቀኑ የነዳህበት ጎን ነው እኮ።»

«ነው።»

«አልታወቀህም?»

«አልታወቀኝም። አሁን ግን ማን ነው ያወቀው?»

«እሱን አይደለም የምለው…»

«ማን ነው ያወቀው? ባልሽ ዩኒፎርሙን ለብሶ ቆሞ፣ አንቺ ከዚያው ጋቢና ወርደሽ፣ ማን አወቀው?»

 «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለች ልጅቷ፤ ካለችው በኋላ ራሷም ደነገጠች።

«ዛሬ» አሉ ጋሽ ተሳቢ ቀስ ብለው፣ «ካርቶንና መጋዝ ይዛችሁ የመጣችሁበት ቀን ነው። አልረሳውም።»

ትራፊኩ ጫማውን አየ።

«ስሚኝ ልጄ። ስህተት ነው፤ የኔ ነው፤ አልደብቀውም። ግን የተሳሳተ ሰው ሁሉ ቤቱን ልቀቅ የሚባል ከሆነ ይሄ አናጢ ከበር የሚሰፋ ፍሬም ሠርቶም…»

«በሩ ነው የጠበበው» አለ አናጢው።

«…እሱ እቤቱ ነው ያለው። ባልሽ አምና የገዛ መኪናውን መቆም ክልክል ነው ከሚለው ሥር አቁሞ የገዛ ባልደረባው ቀጣው። አንቺ አስወጣሽው?»

«አባባ፣ እሱን ነገር ባናነሣው…» አለ ትራፊኩ።

«መውደቁንም ወድቄያለሁ። እግሬ ነው የሳተው እንጂ ቤቱ አልጣለኝም። አንቺ ያልሽው ክፍል ጥሩ ነው፤ ንጹህ ነው፤ ሙት ቢሉኝ እዚያ መሞት ይመቻል። እኔ ግን መኖር ነው የያዝኩት። አልሄድም። ያኔውኑ እንዲህ ማለት ነበረብኝ፤ ጥግ ይዤ መቆሜ ጥፋት ነው። አሁን መንገድ ገብቻለሁ። አልሄድም።»

 አናጢው በለሆሳስ፣ «እጄ ዝሏል፤ አልሄድም ካልክ እንስቀለው ወይስ እናውርደው?» አለ።

«ይሰቀል።»

«እንዲሁ?» አለች ልጅቷ። «መስመሩን ስቶ? የሚመጣው ሰው ሁሉ ይስቅብሃል!»

«ለመሳቅ መጀመሪያ መምጣት አለበት። ይምጣና ይሳቅ። ሻይ አለ።»

«ፍታውና አስተካክለው እንግዲያ።»

«አይፈታም። ልክ የሆኑትን ሁሉ ጓዳ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ይሄኛው ሳሎን ይወጣል።»

«በግራ የሚነዱባቸው አገሮች አሉ እኮ» አለ ትራፊኩ ነገሩን ለማብረድ። «እዚያ ቢሆን ይሄ ሥዕል ምንም አይወጣለትም። እዚህ ግን አባባ፣ መንገድ ላይ ባገኝዎት ዝም አልልዎትም ነበር።»

«ደርሰህብኝ ነዋ!»

ልጅቷ አሁንም ሥዕሉን እያየች ነው። ጭንቅላቷን አዘነበለች። የሆነ ነገር ፊቷን ፈታ አደረገው፤ ሳትፈልግ ነው የፈታው።

«ቆይ» አለች። «እንዲህ ከተገለበጠ፣ እኔ ያለሁት በሹፌሩ ወንበር ላይ ነው ማለት ነው?»

ጋሽ ተሳቢ ቀረብ ብለው አዩ። ልክ ናት። በዚህ አገር መኪና ቢሆን ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ያለችው በሹፌሩ ቦታ ነው።

«ወንበሩ ላይ ነሽ» አሉ። «መሪው ግን እኔ ጋ ነው።»

አናጢው «ኧረ በለው!» አለ። ትራፊኩ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ በአፍንጫው አመለጠው። ልጅቷ አባቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ መጋዙን አየች። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከገባች ጀምሮ ገና መቀመጧ ነው። ሳቀች፤ ሳቁም አልቆም ብሎ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«መስኮት ሰብሬ ገባሁ ብሎ ሲደውልልኝ…» አለች ወደ አናጢው እየጠቆመች፣ «…ደህና ነው እስኪለኝ ድረስ ያለውን አታውቀውም አባዬ። አንተ አታውቀውም።»

ይህንን ጋሽ ተሳቢ አላሰቡትም ነበር። ስለ ዳሌያቸው አስበዋል፤ ስለዚያ ስልክ አላሰቡም። አጠገቧ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ተነሡና ወደ ውጭው በር ሄዱ። ከውስጥ የሚቀረቀረውን መወርወሪያ በጣታቸው ወዲያና ወዲህ አደረጉት።

«ይሄን ንቀለው» አሉት አናጢውን። «ቁልፉን ደግሞ አስቀርፁና አንዱን አንቺ ያዢ ልጄ፣ አንዱን ይሄ አናጢ ይያዝ። ከእንግዲህ መስኮት የሚሰብር የለም። የምሰጥሽ ይሄን ነው። ሌላ የለኝም።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «መታጠቢያ ቤቱ ውስጥም መያዣ ብረት ይገባል።»

«ይግባ።»

«ያንን የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማህንም እጥለዋለሁ።»

«ጫማውን ተዪልኝ።»

«እጥለዋለሁ አልኩ!»

«እሺ፣ ጣይው።»

በዚህ ተስማሙ። መስማማት ከተባለ ማለት ነው፤ ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ይዛ እንደምትመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

ጨርቁ የሚንጠለጠልበት ዘንግ አስፈለገ። አናጢው ግቢውን ዞሮ የአሮጌ መጥረጊያ እጀታ አመጣ። ረዘመ። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መጋዝ አዩ።

«ለቅርንጫፍ ነው ያልከው» አለች ልጅቷ።

«ይሄ ቅርንጫፍ ነው» አለ አናጢው፣ ዓይኑን ሳያሽ። እጀታውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ገዘገዘው። አዲስ መጋዝ ነውና እንደ ቅቤ ቆረጠው። «እውነት ለመናገር ግሩም መጋዝ ነው። እዚሁ ቢቀመጥ አይከፋም።»

ሰቀሉት። ከበሩ ትይዩ ነው፤ በሩን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያጋጥመው እሱ ነው። መኪናው የሰው መስመር ይዞ፣ ያለ ታርጋ፣ ፊት ለፊት ይመጣበታል።

ጋሽ ተሳቢ ቆመው አላዩትም። ከካርቶኖቹ ትልቁን አንሥተው በቢላ ጎኑን ሰንጥቀው ዘረጉት። ለሥዕል ይሆናል፤ ወፍራም ነው፣ አይታጠፍም። ከዚያ ወደ ጓዳው ገብተው የክር ልቃቂት አወጡ። ባዶው ፍሬም ከግድግዳው ፊት ቆሟል። ጫፉን ከመጀመሪያው ምስማር ጋር አሰሩት።

«ዛሬውኑ?» አለች ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ።

«ባዶ ፍሬም መጋዝ ይጠራል።»

ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ልቃቂቱን ከእጃቸው ወሰደች። እሳቸው ክሩን ወደ ላይ ይወጥራሉ፣ ወደ ታች ይመልሳሉ፤ እሷ እያላላች ትለቅላቸዋለች። አንዳንዴ ቶሎ ትለቃለች፤ ያኔ «ማርሽ ቀንሺ» ይሏታል።

«አባዬ፣ ይሄኛውስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ መንገዱ ነው» አሉ።

ሊሄዱ ሲሉ ትራፊኩ የተረፉትን ካርቶኖች ባዶአቸውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ሚስቱ ቀድማ ወጥታለች። ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን መኪና አየው። ካርቶኖቹን በአንድ ክንዱ አቅፎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ነጻ እጁን እንደ አደባባዩ ዘርግቶ ወደ ራሱ ጠቅለል አደረገው። እለፍ ነው ያለው።